ኤፍ ዋን ተጫንና እለፍ

ጋይንት ውስጥ ሰላምታ አይቸኮልበትም። «እንዴት አደርህ? ልጆች እንዴት አደሩ? ከብቱ ደኅና ነው ወይ? አዝመራውስ?» እየተባለ ይወርዳል፤ መላሹም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ይቆያል። ላሟ ሌሊት የሞተችበት ሰው እንኳ መጀመሪያ «ይመስገን» ነው የሚለው፤ ወሬው ቆይቶ ይመጣል። የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችም ይህን ልማድ የለመዱ ይመስለኛል። ጧት ሲከፈቱ ጥቁሩ ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል ሁለት ሦስት መስመር ያወጣሉ፦ የሲሞስ ባትሪ ደክሟል፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፤ ለመቀጠል ኤፍ ዋን ተጫን። የሚያነበው የለም። ጣት እየሄደ ኤፍ ዋን ላይ ያርፋል፣ ማሽኑም ላሟ እንደሞተች ሳይናገር ዊንዶውሱን ይከፍታል።

ይህ በየፎቶኮፒ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ በየቢሮው ያለ ነገር ነው። አዲስ ጸሐፊ ስትቀጠር ነባሯ መጀመሪያ የምታሳያት እሱን ነው፦ «ሲከፈት ይቺን ትጫኛለሽ።» «ለምን?» «እንዲያ ነው የሚከፈት።» ትምህርቱ በዚህ ያበቃል።

አይሲቲ አስተማሪ ነኝና የሚለውን አንብቤ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ቀድሞ የሚነቃ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ፣ ዲስኩን በምን ዘዴ እንደሚያናግር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳ ወይስ ሰው ይጠብቅ፣ ቀኑ ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ማሽኑ ምን ያህል ሜሞሪ፣ ስንት ፍሎፒ፣ ምን ዓይነት ስክሪን እንዳለው የሚነገረው ማዘርቦርዱ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። ክዳኑን ፈትቶ በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ ማድረግ ነው። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም መብራት ቢጠፋ ማብሪያው ባለበት ይቆያል፤ ለጋይንት የተሠራ ማሽን ቢኖር ያ ነበር። በ1984 ኤቲ የተባለው ሲመጣ ግን ሞቶሮላ የሠራት፣ ሲሞስ የምንላት አንዲት ቺፕ ተተከለችበት። መያዣዋ 64 ባይት ነው፤ 14ቱ ለሰዓቱ፣ 50ው ለቀረው ሴቲንግ ሁሉ። በስልክ የምንልከው አንድ የአማርኛ መልእክት እስከ 140 ባይት ይይዛል። የዚያ ማሽን ጠቅላላ ትዝታ እንግዲህ «ደረስኩ፣ መኪናው ጋሸና ላይ ተበላሽቶ ነበር» ከምትል መልእክት እምብዛም አይበልጥም።

ይህችን ትዝታ ሌሊት ተቀምጣ የምትጠብቀው ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። የመኪና ቁልፍ ሪሞት ውስጥም እሷው አለች። አቅሟ ወደ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። የማሽኑ ሰዓት በ5 ማይክሮአምፔር ይሠራል ብንል 44,000 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ዓመት ያህል ታቆየዋለች። ይህ ሒሳብ ግን ሌላ ረዳት ለሌላት ባትሪ ነው። ዴስክቶፕ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ፣ ማሽኑ ቢዘጋም እንኳ፣ ሰዓቱን የሚያቆየው የመስመሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪዋ ታርፋለች። መብራት በማይጠፋበት አገር አብዛኛውን ዕድሜዋን በዕረፍት ታሳልፋለች። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ሥራ ትጀምራለች፤ መብራት ባይጠፋም ባለቤቱ ማታ ሲዘጋ ሶኬቱን ነቅሎ ነው የሚሄደው። መንቀሉ ጥፋት ነው አልልም። ሌሊት የሄደ መብራት ሲመለስ አንድ ጊዜ መጥቶ አርፎ አይቀመጥም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ዘሎ ይመጣል። ፓወር ሰፕላይ ከሚቃጠል ባትሪ ቢያልቅ ይሻላል።

ሰዉ ግን ጥፋቱን የሚጥለው ብርዱ ላይ ነው። «እንኳን ባትሪ እኛም አልቻልነው» ይላሉ፤ ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟም ንፋስ መውጫ ሆኖ፣ ማን ይከራከራቸዋል? ብርዱ ንጹሕ ነው። ይህች ባትሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ እንድትሠራ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ጉና ተራራ ላይ ወጥታ ብታድር እንኳ ሥራዋን አትተውም።

ስትሞት የሚሆነው እንደ ማሽኑ ዕድሜ ነው። አዲሶቹ አብዛኛውን ሴቲንጋቸውን መብራት በማይፈልግ ፍላሽ ቺፕ ላይ ስለሚይዙ ብዙ ጊዜ የሚጠፋባቸው ሰዓቱ ብቻ ነው። አሮጌዎቹ ሁለቱንም ይረሳሉ። ሰዓቱን የረሳ አሮጌ ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመለስበት ቀን አለው፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980፤ በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.። ማለዳ ተነስቶ ደርግ ዘመን ላይ ቁጭ ይላል። በውጭ ሲኖትራኩ የቻይናውን መንገድ ይዞ ወደ ወልድያ ይጓዛል፤ በውስጥ ማሽኑ ገና መንገዱን የሠሩት ሰዎች ዘመን ላይ ነው።

አሁን ቀኑን መሙላት ነው፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ባዮሱ ቀን ይጠይቃል እንጂ በማን አቆጣጠር አይልም። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር የኛ ነው፤ ዓመቱ ለምሳሌ 2017 የሚል ከሆነ 2017 ይሞላል። ማሽኑ ይህን በፈረንጁ 2017 አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ማለት ነው። ከዚያ ኔት መጥቶ ብራውዘር ሲከፈት አንድም ገጽ አይገባም። የድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ለማሽኑ ገና ያልተጀመረ ነው። ክሮም በጨዋ ቋንቋ «ሰዓትዎ ኋላ ቀርቷል» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቀይሞ ኔቱን መስደብ ይጀምራል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን የከፈተ ሰው 3:00 ብሎ ይሞላል፤ ማሽኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ያምናል። የተጻፈችው ማመልከቻ ሁሉ የፋይል ሰዓቷ ሲታይ ዶሮ ሳይጮኽ የተጻፈች ናት። ሰነድ የሚመረምር ሰው ቢመጣ ጋይንቴ ሌሊት ሌሊት ሲከስ እንደሚያድር ነው የሚረዳው።

ወሩንም በኛው አድርጌ እገፋበታለሁ ያለ አንድ ጠንካራ ሰው አውቃለሁ። መስከረም 1 ቀን፣ ወር 1 ቀን 1 ብሎ ሞላ። መስከረም ሙሉውን ልክ ነበር። ነገር ግን የማሽኑ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው ጥቅምት መባቻ ላይ ገና 31 ይላል፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። ሁለተኛው ወር ደግሞ 28 ብቻ ስለሆነ ኅዳር መባቻ ላይ አንድ ቀን ቀድሞ ተገኘ። ኅዳር ሚካኤልን ማሽኑ በዋዜማው አነገሠ። ሰውየው ይህን ሁሉ ታግሶ በየወሩ እያቃና እስከ ነሐሴ ደረሰ፤ ጳጉሜን ላይ ወር 13 ብሎ ሲጽፍ ግን ባዮሱ አልቀበልም አለ። አምስቱን ቀን ማሽኑን ሳይከፍት አሳለፋቸው። በዚያ ሰሞን ማመልከቻ የፈለገ ወደ ጎረቤት ሄደ።

የሰዓቱ ነገር እንግዲህ ያስቃል። የማያስቀው ሴቲንጉ የጠፋ ዕለት ነው።

ሰኔ ማለቂያ ላይ የበጀት ዓመት ሲዘጋ የንፋስ መውጫ ፎቶኮፒ ቤቶች መቆሚያ የላቸውም። ቢሮው ሪፖርቱን፣ ነጋዴው ውሉን፣ ገበሬው ማመልከቻውን፣ ቀበሌው የሴፍቲኔት ስም ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል፤ ተማሪ ደግሞ መቼም አይጠፋም። አንዲት የማውቃት ባለ ፎቶኮፒ ቤት በእንዲህ ያለ ዕለት፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አድሮ፣ ማሽኗን ከፈተች። ኤፍ ዋን ተጫነች። እንደ ወትሮው ዊንዶውሱ ሊነሳ ጀመረ፤ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ሰማያዊ። ወረፋ የያዘው ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። አንድ አዛውንት ሰማያዊውን አይተው «መብራቱስ መጣ መሰል» አሉ።

ቴክኒሻን ተጠራ። ልጁ ከደጅ ሆኖ ሰማያዊውን ሲያይ ምርመራውን ጨርሶ ነበር።

«ዊንዶውሱ ተበልቷል እትዬ፤ ፎርማት ነው።»

«ፋይሎቼስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

«ዲ ላይ ምንም የለኝም፤ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው።»

«እንግዲህ…» አለና ፍላሹን ከኪሱ አወጣ።

ፎርማት እኛ አገር የማያድነው በሽታ የለም። ማሽን ቢያዘግም ፎርማት፣ ፕሪንተር ባይታዘዝ ፎርማት፣ ፓወር ግዕዝ ቢጠፋ ፎርማት። ሲጨርሱ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ባለቤቱ እንደ አዲስ ይደኸያል። እኔ ለፈተና ወረቀት ማባዣ ሄጄ ቆሜ ነበርና «ወንድሜ፣ አንዴ ባዮሱን አሳየኝ» አልኩት። ቅር ቢለውም ገባልኝ። ዲስኩን በምን ዘዴ ያናግር የሚለው መስመር ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላው፣ ወደ አሮጌው ዘዴ፣ ተለውጧል። ባትሪዋ ሌሊት ሞታለች፤ ማሽኑ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ተመልሷል። ዊንዶውሱ ደግሞ በአንዱ ዘዴ ተጭኖ በሌላው መነሳት አይችልም፤ የገዛ ዲስኩ ይጠፋበትና ሰማያዊ ያለብሳል። መስመሯን ወደነበረችበት መለስናት፣ ኤፍ 10 ተጫንን፣ ተነሳ። የሞተ ነገር አልነበረም፤ ከአንዲት ባትሪ በቀር።

«መምህር፣» አለች ልቧ ሲመለስ፣ «ይኼ ነገር እንዲህ በቃሉ እየያዘ እየረሳ ይኖራል ማለት ነው? የሚጻፍበት ደብተር የለውም?»

አለው። ጥያቄዋ ጥሩ ነበር፣ መልሱም ከተገኘ ቆይቷል። ገና በዶስ ዘመን የሲሞሱን ባይቶች ገልብጠው ፍሎፒ ላይ የሚያስቀምጡ ትናንሽ ፕሮግራሞች ነበሩ። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ዛሬም ኤንቪራም የሚባለውን መሣሪያ እንደ ፋይል ቆጥሮ ዲዲ በምትባል ትእዛዝ ይገለብጠዋል፤ የሚያገኘው 114 ባይት ነው። የኋላ ማሽኖች 128 ባይት አላቸውና 14ቱ የት ሄዱ ቢሉ፣ የሰዓቱ ናቸው፤ ሆን ተብለው ተትተዋል። ልክ ነው። ሴቲንግ ቢያስቀምጡት ይቆይዎታል፤ ያለፈው ወር ማክሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ዛሬ ቢመለስ ግን ለማን ይጠቅማል?

ለዊንዶውስ ማሽኖች አምራቾቹ ራሳቸው መሣሪያ አዘጋጅተዋል። ዴል ሲሲቲኬ በምትባል ትእዛዝ የሚሠራ ኮማንድ ኮንፊገር አለው፤ ኤችፒ ባዮስ ኮንፊግ ዩቲሊቲ አለው። ማውዝ የሚይዙበት መስኮት አይፈልጉም፤ ጥቁሩን ኮማንድ ፕሮምፕት እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍቶ አንድ መስመር መጻፍ ነው። በኤችፒው ጌት ብሎ የፋይል ስም መስጠት ነው፤ አንዴ ብልጭ ብሎ ይጨርሳል። ለመመለስ ሲፈለግ በጌት ፈንታ ሴት ብሎ ያንኑ ፋይል መጥራት ነው። ሁለት መስመር። የባዮስ የይለፍ ቃል የተደረገበት ማሽን ከሆነ ቃሉን ሳያቀርቡለት አይመልስም፤ ቃሉን ራሱን ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አይጽፈውም። አንዱ ማሽን ያወጣውን ሌላ ሞዴል ላይ ልጫን ማለትም አይሆንም፤ የማያውቀውን መስመር ይዘለዋል፣ የሚያውቀውንም ሊያበላሽ ይችላል።

የኤችፒውን ፋይል የወደድኩት ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ነው። በኖትፓድ ይከፈታል። የመጀመሪያው መስመር ባዮስ ኮንፊግ 1.0 ይላል፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ሴቲንግ ስም፣ ከሥሩ ገባ ብለው ምርጫዎቹ። ሥራ ላይ ያለው ምርጫ ፊት ኮከብ አለ። መብራት ሲመለስ ምን ልሁን የሚለው ጋ ለምሳሌ ሦስት ምርጫ አለ፦ ጠፍተህ ቆይ፣ ተነሳ፣ እንደነበርክ ሁን። ኮከቡን ከአንዱ አንስቶ ሌላው ፊት ማድረግ ነው። ስለዚህኛው አስተያየት ከተጠየቅሁ ለጋይንት «ጠፍተህ ቆይ» ነው፤ ከላይ እንዳልኩት መብራቱ እስኪረጋ መቀመጥ ያዋጣል።

ባትሪዋን ከመቀየራችን በፊት ፋይሉን አወጣን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደካማዋን ባትሪ በጊዜ ልቀይር ብሎ የተነሳ ጠንቃቃ ሰው፣ ሶኬቱን ነቅሎ ባትሪዋን ባወጣት ቅጽበት ያልጠፋበትን ሴቲንግ በገዛ እጁ ያጠፋል። ኤፍ ዋን እየተጫነ የኖረው ሰነፍ ባትሪዋ እስክትሞትበት ድረስ ምንም አልሆነም። ባትሪዋን ሰዓት አዳሹ ዘንድ አገኘናት፤ በመለኪያ ሲያያት ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ አለች፣ አዲስ ናት።

ከሳምንት በኋላ ሳልፍ «መምህር፣ ፋይሉን በደንብ አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ።

«የት?»

«ዴስክቶፕ ላይ።»

ማሽኑ ያልተነሳ ዕለት የሚያስነሳው ፋይል እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቆልፏል። ፍላሽ ላይ እናድርገው አልን፤ የእሷ ፍላሽ የከተማው ፍላሽ ነው፤ የማን ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ምን ይዞ እንደሚመለስ አይታወቅም። ደግሞም ፍላሽ ላይ ቢኖርስ? መሣሪያው የሚሠራው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ነው፤ የዚያ ዕለቱ በሽታ ደግሞ ዊንዶውሱ አለመነሳቱ ነበር። ዲስኩን የሚመለከተውን መስመር መጀመሪያ ሰው በእጁ መመለስ አለበት፤ ሌላውን ትእዛዙ ይጨርሰዋል። እጅ እንዲመልስ ዓይን የሚያየው ነገር ያስፈልጋል።

መፍትሔው እሷ ዘንድ ነበር፤ ሥራዋ ምን ሆነና! ፋይሉ ረጅም ነውና ዋና ዋናዎቹን መስመሮች አንድ ገጽ ላይ ሰብስባ ፊደሉን አጉልታ አተመችው። ላሚኔት አድርጋ ግድግዳው ላይ፣ በፎቶኮፒ ዋጋና በቅዱስ ጊዮርጊሱ ካላንደር መካከል ለጠፈችው። የማሽኑ ትዝታ አሁን መብራት ቢጠፋ የማይጠፋ ሆነ፤ በኮከብ የተለየው ምርጫ ከሩቅ ይታያል።

ባለፈው ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡ አንድ አባት፣ ተራቸው እስኪደርስ ወረቀቱን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኒህ ኮከብ የተደረገባቸው ምንድን ናቸው?»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ቀና ሳትል መለሰችላቸው። «የተመረጡት ናቸው አባቴ።»

«እህ…» አሉ፤ እንደገና ቀረብ ብለው አዩት። «ከየትኛው ቀበሌ?»